የቴፑ አንቴና ሲሰበር ከጫፉ በፊት እግሩን እዩ

ጎረቤታችን እማማ ቴፓቸውን እንደ ሕፃን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። ባለ ሁለት ስፒከር፣ ባለ እጀታ፣ ድሮ ሠርግ ያደምቅ የነበረው ዓይነት ስቴሪዮ ነው። ነጠላውን ሲገልጡት አንቴናው ከወገቡ ታጥፏል። ጫፉ ላይ የነበረችው ትንሽ ቆብም የለችም።

«እማማ፣ ማን እንዲህ አደረገብዎት?»

«የልጅ ልጄ ነዋ! ጎራዴ ነው ብሎ መዘዘው። ልነጥቀው ስል ነው እጥፍ ያለ።»

እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አንድ ሱቅ አሳይተውት ኖሯል። «አንቴናው አልቆለታል፣ ቴፑም አርጅቷል፣ ሌላ ይግዙ» ተብለው ነው የተመለሱት።

እኔ ሱቅ ከፍቼ የምጠግን ሰው አይደለሁም። አሮጌ ራዲዮ መፈታታት የምወድ ሰው ነኝ እንጂ። ቴፑን ከፈትኩት። ከአንቴናው እግር ተነሥቶ ወደ ቦርዱ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። መልሼ በሊድ፣ ማለትም በጋለ ብረት ቀልጦ ሽቦ በሚያጣብቀው ለስላሳ ብረት፣ አያያዝኩት። የታጠፈውን አንቴና ገና አልነካሁትም። ሳበራው ኤፍ ኤሙ ጥርት ብሎ ገባ።

ከዚያ ወዲህ «አንቴና ተሰበረብኝ» ለሚለኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፦ እስቲ መጀመሪያ እግሩን እንይ። ዓይን የሚያርፈው የተጣመመው ዘንግ ላይ ነው። ራዲዮኑን ዝም የሚያሰኘው ግን ብዙ ጊዜ ከታች ያለው ነው። የላላ ብሎን፣ የተበጠሰ ሽቦ ወይም የዛገ መገጣጠሚያ ይሆናል።

ርዝመቱ ስንት ይበቃል?

ካቻቢቴ ከማንሣታችን በፊት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ይህች ሒሳብ ብዙ ድካም ታስቀራለች።

ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለው ነው። 300ን በጣቢያው ሜጋ ኸርዝ ስታካፍሉት የሞገዱ ርዝመት በሜትር ይወጣል። በ100 ሜጋ ኸርዝ 3 ሜትር ነው ማለት ነው። የዘንግ አንቴና የሞገዱን ሩብ ያህል ሲረዝም ጥሩ ይሠራል። የ3 ሜትር ሩብ 75 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ 88 ሲወርድ 85፣ ወደ 108 ሲወጣ ደግሞ 70 ገደማ ይሆናል። የትልልቆቹ ቴፖች አንቴና ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይረዝማል። ስለዚህ ከጫፉ አንድ ስንዝር ቢጎድል ኤፍ ኤሙ ላይ ያን ያህል አይታወቅም።

አጭር ሞገድ ሌላ ጉዳይ ነው። በ31 ሜትር ባንድ የሩቡ ርዝመት ወደ 8 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ላይ የትኛውም የቴፕ አንቴና አጭር ነው። እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ትጠቅማለች። በዚህ ላይ ኋላ እመለስበታለሁ።

መካከለኛ ሞገድ ደግሞ በአብዛኛው እነዚህ ቴፖች ላይ የውጪውን አንቴና ጭራሽ አይጠቀምም። ውስጥ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር የፌራይት ዘንግ አለ። የሚቀበለው በእሱ ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ መካከለኛ ሞገድ ላይ ሆኖ አንቴና ሲያሽከረክር ይውላል። ማዞር ያለበት ራሱን ቴፑን ነው።

ሳትፈቱት በፊት

አንድ ሜትር ገደማ ሽቦ ፈልጉ። ሁለቱንም ጫፍ ላጡት። ቴፑን በባትሪ ድንጋይ አብሩትና ኤፍ ኤም ላይ ደከም ያለ ጣቢያ ያዙ። ከዚያ የሽቦውን አንዱን ጫፍ የአንቴናው ወፍራሙ የታችኛው ቱቦ ላይ ነካ አድርጉት።

ድምፁ ወዲያው ከጠራ እግሩ ደህና ነው ማለት ነው። ችግሩ ከዚያ በላይ ነው። ወይ ዘንጉ ተሰብሯል፣ ወይ አንዱ ቱቦ ከሌላው ጋር በደንብ አይነካካም። ምንም ለውጥ ከሌለ ጥርጣሬው ወደ ታች ይወርዳል። አንቴናውን ከሥሩ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወዝውዙት። እየተንኮሻኮሸ መጣ ሄደ የሚል ከሆነ መገጣጠሚያው ወይም ብሎኑ ነው። ጭራሽ ዝም ካለ ሽቦው ሳይበጠስ አልቀረም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እጃችሁ አንቴናው ላይ እያለ ጥሩ የሚሠራ ራዲዮ እጃችሁን ስታነሡ የሚደክም ከሆነ አትደነቁ። የሰው ገላም አንቴና ይሆናል። ምርመራውን እጃችሁን አንሥታችሁ ፍረዱ።

አከፋፈት

የመብራት ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ባትሪ ድንጋዮቹንም አውጡ። ሶኬቱ 220 ቮልት ነው፣ ከዚህ ጋር ቀልድ የለም። ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች መብራት አጠራቅመው ይይዛሉ፣ ቶሎ ባዶ አይሆኑም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ረዘም ያለ ባለ መስቀል ጫፍ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ወረንጦ፣ ቴስተር፣ የሊድ ማቅለጫ ብረትና ሊድ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ አልኮልና ጥጥ ይበቃል። ብሎን ማስቀመጫ እኔ የቡና ሲኒ ነው የምጠቀመው። በአንዱ ሲኒ የጀርባውን፣ በሌላው የውስጡን። ረዥሙን ብሎን አጭሩ ቦታ ካስገባችሁት ከፊት በኩል ፕላስቲኩን በስቶ ይወጣል። ደርሶብኛል።

ቴፑን በአፉ ደፍታችሁ ወፍራም ጨርቅ ላይ አስተኙት። የጀርባው ብሎኖች ብዙ ጊዜ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። በአንዳንዱ አጠገባቸው ቀስት ተቀርጾ ይታያል። አንድ ወይም ሁለቱ የባትሪ ድንጋይ ቤት ውስጥ ይደበቃሉ። ሁሉም ወጥተው ሽፋኑ እምቢ ካለ አትታገሉት። ያልታየ ብሎን አለ ማለት ነው።

አሁን በጣም የምጠነቀቅበት ቦታ ላይ ደረስን። የኋላውን ሽፋን በአንድ ጊዜ ስባችሁ አታንሡ። አንቴናው የተሰካው አብዛኛውን ጊዜ በኋላው ሽፋን ላይ ነው። ቦርዱ ያለው ከፊት ነው። በመካከላቸው ያለው ሽቦ ደግሞ አጭር ነው። ሳትጠነቀቁ ከሳባችሁት የተበጠሰ ባይሆንም ትበጥሱታላችሁ። ሁለት ጣት ያህል ክፈቱ፣ በስልክ መብራት አጮልቁ፣ ሽቦው የት እንደሚሄድ እዩ። ፎቶ አንሡ። ከዚያ እንደ መጽሐፍ ወደ ጎን ግለጡት።

እግሩን ማከም

አንቴናው ከሽፋኑ ጋር የታሰረው በአንድ ብሎን ነው። በብሎኑ ሥር ቀለበት ያላት ትንሽ ቆርቆሮ አለች። ሽቦው የተያያዘው በእሷ ላይ ነው። ሦስት ነገር ፈትሹ።

ብሎኑ ላልቷል? አጥብቁት። ሥሩ ሞላ መሰል ሮንዴላ ከሌለው ጨምሩለት። ቶሎ ቶሎ እንዳይላላ ይይዘዋል። ብሎኑ የሚነክሰው ፕላስቲክ ከሆነና ጉድጓዱ ሰፍቶ ከሆነ የክብሪት እንጨት በሱፐር ግሉ ነክራችሁ ክተቱበት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ብሎኑን ቀስ ብላችሁ መልሱ። ጥሩ ይይዛል።

ቀለበቷ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆናለች? ያ ዝገት ነው። በብርጭቆ ወረቀት እስክታብረቀርቅ አሹና በአልኮል ጥረጉ። ለስንት ዓመት ቡና ሲቆላበትና ዕጣን ሲጨስበት የኖረ ቤት ውስጥ ያለ ቴፕ የቅባት ጥላሸት ይይዛል። አንዳንዴ ይህች ጽዳት ብቻ ራዲዮኑን ከሞት ታስነሣዋለች።

ሽቦው ተበጥሷል? እንግዲህ ሊድ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው ቀለበቷን ከአንቴናው ሳይፈታ ሊበይድ ሲሞክር ነው። አንቴናው ሙቀቱን ሁሉ ይመጠዋል። ሊዱ አይቀልጥም። ሰውየው ብረቱን ጭኖ ይቆያል። በመጨረሻ የሚቀልጠው የቴፑ ፕላስቲክ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቴፔን ጀርባ ያቀለጥኩት እንደዚህ ነው። ጠባሳው እስካሁን አለ።

ስለዚህ ቀለበቷን ፍቱ። ለብቻዋ በፒንሳ ያዙ። የሽቦውን ጫፍ ላጡ፣ ጠምዝዙ፣ ሊድ አልብሱት። ቀለበቷንም እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱን አገናኝታችሁ ብረቱን ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ንኩ። ከ30 እስከ 40 ዋት የሆነ ብረት ይበቃል። ጥሩ የተያዘ ሊድ ያብረቀርቃል፣ ወደ ሽቦው ተስቦ ይሰርጋል። እንደ ጠብታ ተንከባሎ ከተቀመጠ አልያዘም፣ ድገሙት። የድሮው ሊድ እውነተኛ እርሳስ ስላለበት መስኮት ክፈቱ። ሲጨርሱ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

ሽቦው ካጠረ አዲስ ረዘም ያለ ቀይሩ። ግን ትርፉን ውስጥ እየጠመጠማችሁ አትክተቱ። የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሁን።

አሁን ሽፋኑን ሳትዘጉ ቴስተሩን ኦም (Ω) ላይ አድርጋችሁ ለኩ። አንዱን ጫፍ ሽቦው ቦርዱ ላይ በገባበት፣ ሌላውን በአንቴናው የታችኛው ቱቦ ላይ። ንባቡ ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። አንቴናውን እያዞራችሁና እያጋደማችሁ ተመልከቱ። ቁጥሩ ከዘለለ የሚታጠፈው መገጣጠሚያ ላይ ችግር አለ።

የሚታጠፈው ጉልበቱ

አንቴናውን ሽቅብ ስታቆሙት ተዝለፍልፎ የሚወድቅ ከሆነ ጉልበቱ ላልቷል። ትንሽ ብሎን ካለው በጥቂቱ እያጠበቃችሁ ሞክሩ። ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ሲታጠፍ ራሱ ዘንጉ ነው የሚጣመመው። ሲስማማችሁ የብሎኑ ራስ ላይ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም ጣል አድርጉ። አይፈታም። መገናኛው ውስጥ ግን እንዳይገባ፣ ቀለም መብራት አያሳልፍም።

ብሎን ሳይሆን የተቀጠቀጠ ችንካር ከሆነ ያለው፣ አንዱን ወገን ወፍራም ብረት ላይ አስደግፋችሁ ሌላውን በትንሽ መዶሻ ኮሽ ኮሽ አድርጉት። መዶሻ ስል የምስማሩን ማለቴ አይደለም። እጃችሁ ቀላል ይሁን።

የሚንሸራተት እንዲሆን ብላችሁ የምግብ ዘይት ወይም ግራሶ አታድርጉ። አቧራ ይሰበስባል፣ መነካካቱንም ይከላከላል። ከጠነከረባችሁ የጽሕፈት እርሳስ ጫፍ ፈቅፍቃችሁ ዱቄቷን በጣት ቀቡ። የእርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው። ያለሰልሳል፣ መብራትም ያሳልፋል።

የታጠፈውን ማቃናት

የአንቴና ቱቦ ከናስ የተሠራና ላዩ ኒኬል ወይም ክሮም የተለበጠ ነው። ግድግዳው ስስ ነው። አንድ ጊዜ ሲታጠፍ ይታገሣል። እየታጠፈ ሲቃና ሲታጠፍ ሲቃና ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ በአንድ ሙከራ ለማቃናት አስቡ።

ቀስ ያለ ጥምዝ ከሆነ ያንን ክፍል ለብቻው መዝዙት። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ አስተኙት። ጉብታውን ወደ ላይ አድርጋችሁ በሁለት አውራ ጣት ከጎንና ጎን እየጀመራችሁ ወደ መሐል ጫን ጫን በሉ። ከዚያ እንደ እርሳስ አንከባሉት። የት እንደሚዘል ዓይናችሁ ይነግራችኋል። በእሳት አታሙቁት። ሙቀት ልባጩን ያበላሻል፣ ናሱንም ያለሰልሰዋል፣ ሲበርድም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ሹል እጥፋት ከሆነ፣ ማለትም ቱቦው ተጨፍልቆ ከሆነ፣ ከውስጥ ድጋፍ ይፈልጋል። ልኩ የሆነ ለስላሳ ዘንግ ፈልጉ። የትራፓኖ መብሻ ብረት ጀርባው ወይም ራሱ የተቆረጠ ምስማር ይሆናል። ከውስጥ እየገፋችሁ ከውጭ በእንጨት እየመታችሁ ክብ ታደርጉታላችሁ።

ችግሩ ወደ ውስጡ ለመድረስ አንቴናውን መበታተን ያስፈልጋል። ክፍሎቹ የሚወጡት ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። የእያንዳንዱ ቱቦ አፍ ከላይ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። የውስጠኛው ቱቦ ቂጥ ደግሞ ሰፋ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ነው እየጎተታችሁት የማይነቀለው። ለመበተን የታችኛውን ጉልበት ከወፍራሙ ቱቦ ማላቀቅ አለባችሁ። ቱቦው ተጨምቆ የያዘበትን ቦታ በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ በቀስ መክፈት ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ነጭ ጨርቅ ዘርግታችሁ ሥሩ። በእያንዳንዱ ቱቦ ቂጥ ላይ የጥፍር ስባሪ የምታህል ስስ ሞላ አለች። እሷ ናት ቱቦዎቹን የምታነካካውና በቦታቸው የምትይዘው። ወለል ላይ ከወደቀች በቃ፣ አታገኟትም።

ተንሸራቶ የሚወርድ አንቴና

ዘርግታችሁ ስታቆሙት ቁልቁል የሚንሸራተት ከሆነ ያቺ ሞላ ደክማለች ወይም የቱቦው አፍ ሰፍቷል። በትናችሁት ከሆነ ሞላዋን በወረንጦ ትንሽ ወደ ውጭ ቆልመም አድርጓት። ሳትበትኑት ለመሞከር ደግሞ አንድ ዘዴ አለ። የእጅ ትራፓኖ መብሻ የሚነክስበትን አፍ ክፈቱ። የሰፋውን የቱቦ ጫፍ ክተቱበት። በእጅ ብቻ እያዞራችሁ ለስለስ አድርጋችሁ አጥብቁት፣ ፍቱት፣ ትንሽ አዙራችሁ ድገሙት። ሦስት ጥርስ ስላለው ከሦስት አቅጣጫ እኩል ይጨምቃል። በፒንሳ ከጨመቃችሁት ግን ሞላላ ይሆንና ጭራሽ አልዘጋም ይላል።

ሙሉ በሙሉ የተሰበረ ሲሆን

የተሰበረው ቦታ ይወስናል።

ጫፉ ብቻ ከተሰበረ ዕድለኛ ናችሁ። ስባሪውን በሞረድ አለስልሱት። ግን ራቁቱን አትተዉት። ቆቡ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ቀጭኑ ዘንግ ወደ ቱቦው ሰምጦ እንዳይቀር ይይዘዋል። የሕፃን ዓይንም ያድናል። በዘንጉ ልክ ቀዳዳ ያላት ፍሬ በሱፐር ግሉ ልክ ልኩን ለጥፉበት። ለእማማ መጀመሪያ ቀይ ጨሌ አድርጌላቸው ነበር። «በማርያም! ቤቴ ጨሌ ታገባብኛለህ?» ብለው ተቆጡ። ከተበጠሰ መቁጠሪያቸው የተረፈች አንዲት የእንጨት ፍሬ ሰጡኝና በእሷ ተካሁት። አሁን አንቴናው ከሁላችንም በላይ ጸሎተኛ ሆኗል።

የመጨረሻው ቀጭን ክፍል ከመሐሉ ከተሰበረና ውስጡ ክፍት ከሆነ በውስጥ ስንጥር ይቀጠላል። በልኩ የሚገባ የናስ ወይም የመዳብ ዘንግ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ግማሹ በአንዱ ግማሹ በሌላው እንዲገባ ቁረጡ። ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። የቱቦውንም አፍ እንዲሁ። ክሮም ሊድ አይቀበልም። ቢጫው ናስ እስኪታይ መፋቅ አለባችሁ። ሊዱ እንዲይዝ የሚያግዘውን የሊድ ፓስታ ትንሽ ቀቡ፣ አጋጥሙ፣ አሙቁ፣ ሊዱ ዙሪያውን እስኪሰርግ ጠብቁ። ሲበርድ ትርፉን በሞረድ አስተካክሉት። ካልሆነ ወደ ውጪኛው ቱቦ አይገባም።

ወፍራሞቹ ክፍሎች ላይ ይህን አታድርጉ። ስንጥሩ የውስጡን ቱቦ መንገድ ይዘጋዋል። ከውጭ ቀለበት ብታደርጉለት ደግሞ እሱ ራሱ አይሰበሰብም። ወፍራሙ ከተሰበረ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ሌላ አንቴና ትቀይራላችሁ፣ ወይ ደግሞ የማያምር ግን የሚሠራ ነገር ታደርጋላችሁ።

የማያምረው ይህ ነው። ለቤት መብራት የሚዘረጋ ባለ 2.5 ካሬ ድፍን የመዳብ ሽቦ 75 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ከነላስቲኩ ይሁን፣ ጫፉን ብቻ ላጡ። በቀረው ጉቶ ውስጥ ክተቱና በሊድ አያይዙት። በላይኛው በኩል ቀለበት አድርጋችሁ እጠፉት፣ ዓይን እንዳይወጋ። ኤፍ ኤም ላይ ከፋብሪካው አንቴና ጋር ልዩነቱን በጆሮ መለየት ይቸግራል። እንግዳ ሲመጣ ታፍሩበት ይሆናል። ራዲዮኑ ግን አያፍርም።

መቀየር ካለበት

አዲስ ከመፈለጋችሁ በፊት ቤት ውስጥ የተጣለ አሮጌ የቴሌቪዥን አንቴና ካለ እዩ። እነዚያ ቴሌቪዥን ላይ እንደ ቀንድ የሚቆሙት ሁለት ዘንጎች ተመሳሳይ ሥሪት ናቸው። ሁለት ቅያሪ በነፃ ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያ አሮጌ ዕቃ የሚዘረጉት ዘንድም የሞተ ራዲዮ ከነአንቴናው ሊገኝ ይችላል።

ስትሄዱ የተሰበረውን ይዛችሁ ሂዱ። አራት ነገር መመሳሰል አለበት። ተሰብስቦ ሳለ ያለው ርዝመት አንዱ ነው፣ ካልሆነ ቴፑ ራስ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ አይተኛም። ሌላው የእግሩ ውፍረት። ሦስተኛው የብሎኑ ጥርስ። አራተኛው ጉልበቱ በየት በየት እንደሚዞር። ተዘርግቶ የሚደርስበት ርዝመት ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ጉዳይ ነው።

እኔ አንድ ጊዜ «ያው አንቴና ነው» ብዬ በዓይኔ ገምቼ ገዛሁ። እግሩ በጥቂቱ ወፈረ። ትንሽ ብገፋው ይገባል አልኩ። ገባ። ሽፋኑ ግን ለሁለት ተሰነጠቀ። እግሩ ከወፈረ የሚሞረደው ብረቱ ነው፣ ፕላስቲኩ አይደለም።

ጎንደር ላይ ስትሰሙ

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ግን ሜዳ አይደለችም። በአንድ በኩል አንገረብ፣ በሌላው ቀሃ ይወርዳሉ። ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ኮረብታ አይዞርም። ጎሃ ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ጥርት ብሎ የሚሰማው ጣቢያ ወንዙ ዳር ባለ ቤት ሊንኮሻኮሽ ይችላል። ይህን አንቴና መቀየር አያስተካክለውም።

የሚያግዘው ቦታ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ሞገዱን ያደክማሉ። ቴፑን መስኮት ዳር አድርጉት። የብረት ፍርግርግ ካለ ትንሽ አርቁት። የአንቴናውን ጫፍ ወደ ጣቢያው አቅጣጫ አትጠቁሙ። ዘንግ በጫፉ በኩል የሚመጣውን እምብዛም አይቀበልም፣ የሚቀበለው በጎኑ ነው። መጀመሪያ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ከዚያ በግማሽ አጋድሙት፣ የሚሻለውን ምረጡ። አንዳንድ ጊዜ ማሳጠርም ይረዳል፣ በተለይ ጠንካራ ጣቢያ ሌላውን ሲደፍቅ።

የስቴሪዮዋ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች «ሽ...» የሚል ድምፅ ካለ፣ ጣቢያው ደክሟል ማለት ነው። ማብሪያውን ወደ ሞኖ፣ ሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ ወደሚያወጡበት፣ መልሱት። ሹክሹክታው ወዲያው ይቀንሳል። ለዜና ስቴሪዮ ምን ያደርጋል?

አጭር ሞገድ ለምትከታተሉ፣ ከ5 እስከ 10 ሜትር ሽቦ በመስኮት አውጥታችሁ ባሕር ዛፍ ላይ አንጠልጥሉና ጫፉን አንቴናው ላይ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። ልዩነቱ ያስገርማል። ግን ከሰኔ ጀምሮ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ገና ማጉረምረም ሳይጀምር፣ ሽቦውን ነቅላችሁ ወደ ውጭ ጣሉ። የክረምት መብረቅ የቴፑን ውስጥ ብቻ ሳይሆን የያዘውንም ሰው አይምርም።

አዘጋጉ

አንቴናን የሚያጣምመው መዘርጋቱ ሳይሆን መሰብሰቡ ነው። ሰው ጫፉን በመዳፉ ይዞ አንዴ ቁልቁል ይገፋዋል። ቀጭኑ ክፍል ይለመጥና ያበቃለታል። ከታች ጀምሩ። ወፍራሙን በአንድ እጅ ይዛችሁ ቀጣዩን በሌላው እጅ ክተቱት፣ ከዚያ ተከታዩን። ቀጭኑ መጨረሻ ላይ ይግባ። ቴፑንም አንቴናውን ይዛችሁ አታንሡት፣ እጀታ ያለው ለዚያ ነው።

እማማ ቴፓቸውን አሁን ቁም ሳጥን ላይ ነው የሚያኖሩት። ለልጅ ልጃቸው ደግሞ ከወይራ እንጨት ጎራዴ ጠረብኩለት። ትናንት በአጥሩ አጮልቄ ሳይ እሱንም መዝዞ ዶሮዎቹን እያሳደደ ነበር።